«ማኅደረ ትውስታ» እና «ማከማቻ»፦ ለጌም ኮምፒዩተር ስንት ይገጠም?

ከጥቂት ጊዜ በፊት የጌም ኮምፒዩተርን በቤት ውስጥ ገጣጥሞ ስለ መሥራት የተዘጋጀ አንድ መመሪያ ወደ አማርኛ ተመልሶ፣ ሙያዊ ቃላቱን እንድንመረምር ቀርቦልን ነበር። ትርጉሙ በጠቅላላው የሚነበብ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ዐይናችን ውስጥ ገባ፤ ይኸውም በመነሻው ጽሑፍ ተለያይተው የቀረቡ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች በአማርኛው «ማኅደረ ትውስታ» በሚል አንድ ስያሜ መጠራታቸው ነው። ዐውዱ ይለየዋል ብለን አለፍነው። ወራት ካለፉ በኋላ አንድ የቅርብ ዘመዳችን የሆነ ወጣት ያንኑ መመሪያ ተከትሎ፣ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ገበያ ወጣ፤ 8 ጊጋ ባይት ራም ብቻ በነበረው ኮምፒዩተሩ ላይም ባለ 1 ቴራ ባይት ዲስክ ገዝቶ ገጠመበት። ጌሙ እንደ ቀድሞው መንቀጥቀጡንና መቆራረጡን አልተወም። «ማኅደረ ትውስታውን አሳድግ ይላል፤ አሳደግሁ» አለን። የምንመልስለት ነገር አልነበረንም፤ ቃሉን ያሳለፍነው እኛው ነበርንና።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ እንግዲህ ለጌም ኮምፒዩተር ስንት ጊጋ ባይት ራም ይበቃል የሚለው ሆኖ፣ ከእርሱ ጋር የማይነጣጠለው ደግሞ ቁጥሩ የምን ቁጥር እንደሆነ አንባቢው ሳይሳሳት እንዲያውቅ በምን ቃል እንጻፍለት የሚለው ነው። ከቃሉ እንጀምራለን።

«ማኅደር» «ኀደረ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ሲሆን ማደሪያ፣ መኖሪያ ማለት ነው። በአማርኛም መጽሐፍ የሚገባበትን የቆዳ ማኅደር ስንል፣ በየመሥሪያ ቤቱም የአንድ ባለጉዳይ ሰነዶች ተሰብስበው የሚቀመጡበትን ማኅደር ስንል፣ ቃሉ ያንኑ የማደርና የመቆየት ፍቺ እንደ ያዘ ነው። ራም ግን ምንም ነገር የማያድርበት የኮምፒዩተር ክፍል ነው። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በውስጡ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፤ ኤሌክትሪክ እያለም ቢሆን በሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ እየታደሰ ካልሆነ በስተቀር የያዘውን ይለቃል። የሚያድረው ነገር የሚያድረው በዲስኩ ላይ ነው። ስለዚህ ስያሜውን እንደ ቃሉ ፈትቶ «ማኅደር የተባለው እንግዲህ ማስቀመጫው ነው» ያለ አንባቢ ቋንቋውን አላጠፋም፤ እንዲያውም በሚገባ አንብቧል። የገበያው አነጋገርም ይህንኑ ያጠናክርበታል። በአገራችን «ሜሞሪ» ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው በስልክ ውስጥ የምትገባውን ትንሽ ካርድ ነው፤ እርሷም ማከማቻ ናት።

የሁለቱን ልዩነት ለማስረዳት ከቤታችን ምሳሌ ብንወስድ፣ ዲስክ ጎተራ ነው፤ ራም ደግሞ መሶብ ነው። እህሉ ዓመቱን ሙሉ በጎተራ ይቀመጣል፤ የሚበላው ግን በመሶቡ ላይ የቀረበው ነው። የመሶቡ ስፋት የሚወሰነው በዙሪያው በሚቀመጠው ሰው ቁጥር እንጂ በጎተራው ትልቅነት አይደለም። መሶቡ ከጠበበ አቅራቢዋ እየደጋገመች ወደ ጓዳ ትመላለሳለች፤ በላተኛውም እጁን ሰብስቦ ይጠብቃል። ኮምፒዩተሩም ራሙ ሲሞላ ለጊዜው የማይፈልገውን ክፍል አውጥቶ በዲስኩ ላይ ያቆየዋል፤ ሲፈልገው ደግሞ መልሶ ያመጣዋል። ዲስክ፣ አዲሶቹ ፈጣን ዲስኮች ጭምር፣ ከራም እጅግ የዘገየ በመሆኑ ይህ ምልልስ በጌሙ ላይ የምስል መቆራረጥ ሆኖ ይታያል። በአንጻሩ ለስድስት ሰው የሃያ ሰው መሶብ ቢቀርብ ማንም ከቀድሞው ፈጥኖ አይበላም። ራምን የሚመለከተው ውሳኔ ሁሉ ከዚህ ይነሣል፦ ሲያንስ ጉዳቱ ከባድ ነው፤ ከሚበቃው በላይ ሲሆን ግን ትርፉ ከባዶ ቦታ አያልፍም። ግራፊክስ ካርዱም የራሱ ትውስታ ስላለው፣ በካርዱ ሣጥን ላይ የተጻፈው 8 ወይም 12 ጊጋ ባይት ከዋናው ራም ጋር እንደማይደመር ተርጓሚው ማስታወስ አለበት። (ምሳሌው ምሳሌ ብቻ ነው። «የኮምፒዩተር መሶብ» የሚል ስያሜ ይውጣ የሚል አሳብ የለንም።)

ወደ ቁጥሩ ስንመጣ፣ የጌም አዘጋጆች ምርታቸው የሚፈልገውን የራም መጠን በደረጃ ከፍለው ያሳውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኤልደን ሪንግ ቢያንስ 12 ጊጋ ባይት ይጠይቃል፤ የሚመክረው 16 ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2024 ደግሞ ቢያንስ 16 ይልና 32ን ይመክራል፤ ከሁሉ የሚሻለው ብሎ የሚያስቀምጠው 64 ነው። ዊንዶውስ 11 በበኩሉ 4 ጊጋ ባይት ይበቃኛል ይላል፤ ይህ ግን ማሽኑ ይነሣል ማለት እንጂ ጌም ያጫውታል ማለት አይደለም። ከጌሙ ጎን ዊንዶውሱ ራሱ፣ የተከፈተ የኢንተርኔት ገጽ፣ ተጫዋቾቹ የሚነጋገሩበት ፕሮግራም፣ ሁሉም ከዚያው ከአንዱ መሶብ ይበላሉ።

ከዚህ ተነሥተን ስንፈርድ፣ 16 ጊጋ ባይት ዛሬ መነሻ ነው፤ ከዚያ በታች አዲስ የጌም ኮምፒዩተር መገጣጠም አይመከርም። ለብዙ ዓመት እንዲያገለግል ታስቦ ለሚሠራ ማሽን 32 ተገቢው መጠን ነው። 64 የሚያስፈልገው እንደ በረራው ጌም ያለ ልዩ ምርት ለሚጫወት፣ ወይም ከጌም ውጭ ቪዲዮ ለሚያቀናብርና ይህን ለመሰለ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ፣ አምራቾች ምርታቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት በማዋላቸው የራም ዋጋ በእጅጉ ስለ ናረ፣ በ32 እና በ64 መካከል ያለው ልዩነት ቀላል ወጪ መሆኑ ቀርቷል። ገንዘብ ያጠረው ሰው በ16 ረክቶ ቀሪውን በግራፊክስ ካርዱ ላይ ቢያውለው ከጌሙ የበለጠ ያገኛል።

አሁን ወደ ተርጓሚው ጠረጴዛ እንመለስ። በዚያው መመሪያ ውስጥ «አነስተኛ ማኅደረ ትውስታ፦ 12 ጊጋ ባይት» የሚል ሐረግ ነበር። «አነስተኛ» በአማርኛ ትንሽ፣ መጠነኛ ማለት ነው፤ አነስተኛ ቤት፣ አነስተኛ ንግድ እንደምንለው። ወጣቱም ሐረጉን ያነበበው «ትንሽ ትውስታ ያለው ኮምፒዩተር 12 አለው» ብሎ ነው። 8 ያለው ሰው እጅግ የጎደለው መሆኑን ሐረጉ አይነግረውም። በዚህ ቦታ «ዝቅተኛ» ቢባል ይሻላል፤ «ቢያንስ 12 ጊጋ ባይት» ቢባል ደግሞ ጨርሶ ጥርጣሬ አይኖርም። አንዲቱ «ቢያንስ» የምትባል ተውሳከ ግሥ የስም ሐረጉ ያልቻለውን ሥራ ትሠራለች። አቻ ስም ፍለጋ ስንባዝን ግሡና ተውሳከ ግሡ አጠገባችን ተቀምጠው የምንረሳበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሌላው «መጫን» ነው። አማርኛ ፕሮግራምን ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት «መጫን» ብሎ ጥሩ አድርጎ ሰይሞታል፤ ሕዝቡም ተቀብሎታል። ተርጓሚው ታዲያ «32 ጊጋ ባይት ይጫኑ» ብሎ ሲጽፍ፣ አንባቢው በኢንተርኔት የሚወርድ አንዳች ፕሮግራም መፈለጉ አያስደንቅም። ራም በእጅ የሚያዝ ዕቃ ነው፤ ይገጠማል፣ ይሰካል። በመነሻው ቋንቋ ለዕቃውም ለፕሮግራሙም አንድ ግሥ ማገልገሉ እኛን አያስገድደንም። አማርኛ እዚህ ላይ የበለጠ ለይቶ ይናገራል፤ ይህን ጸጋ ለምን እናባክነዋለን?

አሰካኩም የራሱ ዝርዝር አለው። ኮምፒዩተሩ ሁለት የራም መስመሮችን በአንድ ጊዜ መጠቀም ስለሚችል፣ 32 ጊጋ ባይት የፈለገ ሰው አንድ ባለ 32 ሳይሆን ሁለት ባለ 16 ቢገዛ ይመረጣል። አራት መሰኪያ ባለው ማዘርቦርድ፣ ሁለቱ የሚሰኩት አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ጀምሮ ሲቆጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ላይ ነው። «አሁን ሁለት ባለ 8 ልግዛ፤ ኋላ ሁለት እጨምራለሁ» የሚለው ዕቅድ በቀድሞው ትውልድ፣ በዲ.ዲ.አር. 4፣ ብዙም አይጎዳም ነበር። መሥፈርቱ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ዲ.ዲ.አር. 5 ግን አራቱም መሰኪያዎች ሲሞሉ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ለምሳሌ የኤ.ኤም.ዲ. ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች በሁለት ራም 5200 ሲፈቅዱ፣ በአራት ግን በይፋ የሚፈቅዱት 3600 ብቻ ነው። ሁለቱ ትውልዶች በአንድ መሰኪያ ስለማይገቡም፣ ከመግዛት በፊት ማዘርቦርዱ የሚቀበለው የትኛውን እንደሆነ መመልከት ያስፈልጋል።

እነዚህ 5200ና 3600 የተባሉት ቁጥሮች ራሳቸው የመለኪያ ስሕተት ተሸክመው ይዞራሉ። በየሱቁና በየጽሑፉ «ሜጋ ኸርዝ» ሲባሉ እንሰማለን፤ የሚለኩት ግን በሴኮንድ የሚደረገውን የመረጃ ዝውውር በሚሊዮን ቆጥረው ነው። የሰዓቱ ምት የዚህ እኩሌታ ነው፤ በአንድ ምት ሁለት ጊዜ መረጃ ይተላለፋልና። ስለዚህ 6000 የተባለው ራም ምቱ 3000 ሜጋ ኸርዝ ነው። ተርጓሚው በመነሻው ጽሑፍ ሜጋ ኸርዝ ተብሎ ቢያገኘውም «6000 ሚሊዮን ዝውውር በሴኮንድ» ብሎ ማረም መብቱ ነው እንላለን።

የጊጋ ባይትም ነገር እንዲሁ ነው። ባለ 16 ራም 17,179,869,184 ባይት ይይዛል፤ በራም ላይ ጊጋ የሚባለው ሁለት በራሱ ሠላሳ ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘው ቁጥር ነውና። የዲስክ አምራቾች ግን ጊጋ ሲሉ ልክ አንድ ቢሊዮን ማለታቸው ነው። የ1 ቴራ ባይት ዲስክ በዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋ ባይት ሆኖ መታየቱ ከዚህ የተነሣ እንጂ ሻጩ ቀንሶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 ለሁለትዮሹ ቆጠራ «ጊቢ» የሚል ቅጥያ በዓለም አቀፍ ደረጃ ወጥቶለታል። በአማርኛ ግን ይህ ቅጥያ «ግቢ»ን ስለሚያስታውስ «32 ጊቢ ባይት» የሚለው ፈገግ ያሰኛል። ለገዢ በሚጻፍ መመሪያ ጊጋ ባይት እንዳለ ይቆይ፤ ልዩነቱን ማስረዳት ካስፈለገ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይነገር።

ታዲያ ስያሜውን ምን እናድርግ? «ማኅደረ ትውስታ» በአማርኛ በተዘጋጁ የስልክና የኮምፒዩተር ገጾች ላይ ሥር የሰደደ በመሆኑ ይነቀል አንልም። ነገር ግን ዲስክና ራም አብረው በሚነሡበት ጽሑፍ ብቻውን ሊቆም አይገባውም። ለገዢ በሚጻፍ ጽሑፍ «ራም» የሚለው የውሰት ቃል ሊመረጥ ይገባል፤ በዕቃው ላይ የተጻፈውም፣ ሻጩ የሚያውቀውም እርሱ ነውና። በመጀመሪያ ሲጠቀስ «የሥራ ትውስታ» በሚል ማብራሪያ ይታጀብ፤ «የሥራ» የሚለው ቅጽል የቆይታን ፍቺ ገፍቶ የአገልግሎቱን ያመጣልና። ለመዝገበ ቃላት የምናቀርበውም እንዲህ የሚል ነው፦

ራም፤ ስም። ኮምፒዩተር በሥራ ላይ ሳለ የሚጠቀምበትን ፕሮግራምና መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት፣ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የያዘውን የሚያጣ ክፍል፤ የሥራ ትውስታ። ከማከማቻ ይለያል።

ማከማቻ፤ ስም። ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም ፕሮግራምና መረጃ ሳይጠፋ የሚቀመጥበት ዲስክ ወይም ካርድ።

ሳንወስን የተውነው አንድ ቃል አለ። ራም ከታዘዘበት ቅጽበት አንሥቶ መረጃውን መስጠት እስኪጀምር የሚያልፈው ጊዜ፣ በሣጥኑ ላይ «ሲ.ኤል.» በሚል ምልክት በምት ብዛት ይገለጻል። ሲ.ኤል. 30 የተጻፈበት ባለ 6000 ራምና ሲ.ኤል. 16 የተጻፈበት ባለ 3200 ራም ሲሰሉ ሁለቱም ያው 10 ናኖ ሴኮንድ ይወስዳሉ፤ ቁጥሩ ስለ በዛ ዘገየ ማለት አይደለም። ይህን ጊዜ አንዳንዶች «መዘግየት» ይሉታል፤ መዘግየት ግን ከቀጠሮ ማለፍ ስለሆነ ወቀሳ ያለበት ቃል ነው። «ቆይታ» ያሉም አሉ፤ እርሱ ደግሞ መልሶ ወደ ማደር ይወስደናል። ከአንባቢዎቻችን የተሻለ ቃል ያለው ቢጽፍልን በሚቀጥለው እትም እንመለከተዋለን።