የጎመንዘር የዘር ቀለም ስለ ዘይቱ ጥራት ምን ያህል ይናገራል?

ጎመንዘር በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች ቅጠሉ ለወጥ፣ ዘሩ ደግሞ ምጣድ ለማሰስና ለዘይት የሚውል ሰብል ነው። የሁለት ዝርያዎች ጥንታዊ ድቅል በመሆኑ 16 ክሮሞዞሞችን ከጥቁር ሰናፍጭ፣ 18ቱን ከጥቅል ጎመን ወገን ወርሶ በድምሩ 34 ይዟል።

የጎመንዘር ዘር ቢጫ ወይም ቡናማ ሊሆን ይችላል። ቡናማው ቀለም የሚመጣው በዘሩ ሽፋን ውስጥ ከሚከማች ታኒን መሰል ንጥረ ነገር ነው። የቢጫው ዘር ሽፋን ስስ ስለሆነ አሰሩ ያነሰ ነው፤ በአብዛኛውም የዘይትና የፕሮቲን ድርሻው ከፍ ይላል፤ ፋጉሎውም ለመኖነት ይሻላል። ቢጫው መመረጡ ያለ ምክንያት አይደለም።

ሆኖም ቀለሙ ስለ ዘይቱ መጠን ፍንጭ ቢሰጥም ስለ ዓይነቱ አይናገርም። ከነባሩ የጎመንዘር ዘይት 40 በመቶ ገደማ የሚሆነው 22 ካርቦን ያለው ኢሩሲክ አሲድ ነው። ተክሉ ይህንን የሚሠራው 18 ካርቦን ያለውን ኦሊይክ አሲድ በሁለት ደረጃ በማርዘም ነው። የማርዘሚያውን ኤንዛይም የሚያዙት ዘረ-መሎች ከሁለቱም ወላጅ ዝርያዎች የተወረሱ ናቸው፤ የአንደኛው ወገን ብቻ ሥራውን ቢያቆም ሌላው ማምረቱን ይቀጥላል። በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ብዙ ኢሩሲክ አሲድ በልብ ጡንቻ ውስጥ ስብ እንዲከማች ማድረጉ ስለታየ፣ ለምግብ የሚውል የካኖላ ዘይት ከ2 በመቶ በታች እንዲይዝ ተወስኗል። ለኢንዱስትሪ ግን ይኸው አሲድ ተፈላጊ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በካናዳ አንድ ጄት አውሮፕላን ሙሉ በሙሉ ከጎመንዘር ዘይት በተሠራ ነዳጅ በርሯል።

ተመራማሪዎች ኢሩሲክ አሲድ የሌለበትን የህንድ ሰናፍጭ ከጎመንዘር ጋር በማዳቀል ለምግብ የሚስማማ ጎመንዘር ማግኘት ችለዋል። አስቸጋሪው ነገር ይህን ባሕርይ በማሳ ላይ ጠብቆ ማቆየት ነው። የዘር ሽፋን የእናት ተክል አካል ስለሆነ ቀለሙን በዋናነት የምትወስነው እናት ናት። ዘይቱ በብዛት የሚከማቸው ግን ከእናትም ከአባትም በሚወርሰው ፅንስ ውስጥ ነው። ስለሆነም ኢሩሲክ አሲድ የሌለበት ቢጫ ጎመንዘር፣ ንብ ከአጎራባች ነባር ማሳ ባመጣችው ብናኝ ቢዳቀል፣ በዚያው ዓመት የሚሰበሰበው ዘር ቢጫ እንደሆነ ኢሩሲክ አሲድ ይይዛል። በዓይን የሚለይበት መንገድ የለም።

መለያው የቤተ ሙከራ ምርመራ ነው። ከአንድ ዘር ውስጥ አንዱ ክክ ተወስዶ የቅባት አሲዱ በጋዝ ክሮማቶግራፊ ይለካል፤ ቡቃያውን የያዘው ቀሪው ክፍል ተተክሎ ይበቅላል። በዚህ ዘዴ ያልተፈለገው ዘር ገና ሳይዘራ ይወገዳል።

ለምግብ ዘይት የሚሆን ጎመንዘር የሚያባዙ አርሶ አደሮችና ኅብረት ሥራ ማኅበራት ማሳቸውን ከነባር ጎመንዘር ማሳ ማራቅ፣ በእርሻው ውስጥ ወፈ ዘራሽ ሆኖ የበቀለውን ከማበቡ በፊት መንቀል፣ ለቀጣዩ ዘመን የሚያስቀምጡትንም ዘር በቀለሙ ብቻ ሳይሆን በምርመራ ውጤት መምረጥ ይጠበቅባቸዋል።