ያውቁ ኖሯል? ለአውሮራ ሰርቨሮች የማትመጣው ሰዓት

በዴንቨርም ሆነ በጎረቤቷ በአውሮራ፣ በሊኑክስ የሚሠራ ሰርቨር ሲበራ የስርዓተ ክወናው እምብርት (ከርነል) በመጀመሪያ የሚያስነሳው ፕሮግራም የመለያ ቁጥሩ 1 የሆነው «ኢኒት» ሲሆን፣ ተጠቃሚው ሳያያቸው የሚሠሩትን የበስተጀርባ አገልግሎቶች፣ በዩኒክስ አጠራር «ዲመኖችን»፣ ሥራ የሚያስይዘው እሱ ነው። ቀድሞ ኢኒት አገልግሎቶቹን በቁጥር በተደረደሩ ስክሪፕቶች ተራ በተራ ያስነሳ ነበር፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ብቅ ያለው «ሲስተምዲ» ግን የትኛው ከየትኛው በኋላ እንደሚነሣ የሚገልጹ አጫጭር ፋይሎችን አንብቦ፣ እርስ በርስ የማይጠባበቁትን ጎን ለጎን ያስነሳቸዋል።

ከአገልግሎቶቹ አንዱ፣ ሥራዎችን በተቀጠረላቸው ሰዓት የሚያስጀምረው «ክሮን»፣ የሚመራው በኮምፒውተሩ የሰዓት ክልል ነው። በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት አውሮራ በኮሎራዶ በሕዝብ ብዛት ሦስተኛ ብትሆንም፣ የአዲስ አበባ ስም በሰፈረበት ዓለም አቀፍ የሰዓት ክልል መዝገብ የራሷ ስም ስለሌላት «አሜሪካ/ዴንቨር» በሚለው ትተዳደራለች። በዚህ ክልል በማርች ሁለተኛው እሑድ፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ከሌሊቱ 2 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ደግሞ 8 ሰዓት ሲሆን፣ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚዘል፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ለ2:30 የተቀጠረ ሥራ በዚያች ሌሊት ሰዓቱ ፈጽሞ አይደርስለትም። በዴቢያን ሊኑክስ ያለው ክሮን ዝላዩን ተገንዝቦ የታለፈውን ሥራ ወዲያው ያስጀምራል፤ ጥንቁቅ አስተዳዳሪ ግን በዚህ ብቻ ሳይተማመን ሰርቨሩን በማይዘለው ዓለም አቀፍ ሰዓት (ዩቲሲ) ያስኬዳል፣ ወይም ቀጠሮውን ከዚያች ሰዓት ያርቃል።