ከኮሪያ የተመለሱት የቃኘው ሰማዕታትና የጎሬ ታሪክ

በኮሪያ ጦርነት የወደቁ የበርካታ አገሮች ወታደሮች በቡሳን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር አርፈዋል። የኢትዮጵያውያኑ አጽም ግን እዚያ የለም፤ ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር አርፏል።

ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ከጅቡቲ በመርከብ ተጓዘ። ስያሜውን ያገኘው ከራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው። ተራ በተራ ከዘመቱት ከ6 ሺህ በላይ ወታደሮች ከ120 በላይ ተሰዉ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። በጠላት እጅ የተማረከ አንድም አልነበረም።

እነዚህ ወጣቶች ያን ያህል ርቀው ለምን ዘመቱ? የመልሱ አንድ ክፍል በኢሉባቦር ይገኛል። በ1928 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ፣ በራስ እምሩ የሚመራው ጊዜያዊ መንግሥት መቀመጫውን ከመቱ ብዙ በማትርቀው ጎሬ አደረገ። የመንግሥታቱ ማኅበር ቃሉን ሳይጠብቅ ቀረ፤ ጎሬም በኅዳር 1929 ዓ.ም በወራሪው ተያዘች። ይህን የቀመሰች ኢትዮጵያ ሌላ አገር በተወረረ ጊዜ ዳር ቆሞ ማየትን አልመረጠችም።

የኮሪያዋ ቹንቾን ከተማ በ1960 ዓ.ም ለቃኘው ሐውልት አቁማለች፤ አዲስ አበባም በአፍንጮ በር የመታሰቢያ ሥፍራ አላት። ከመቱና ከጎሬ ወደ መዲናዪቱ የሚዘልቅ ወጣትም በካቴድራሉ መቃብር ፊት ሲቆም፣ የገዛ አካባቢውን ታሪክ ቀጣይ ምዕራፍ ያገኛል።