አዲስ የቴሌፎቶ ሌንስ ከመግዛታችን በፊት

የዱር አራዊትን ፎቶግራፍ ማንሣት የሚወዱ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ያለንን የዙም ሌንስ በተሻለ እንለውጠው ወይ?» የሚል ነው። የተሻለ ሌንስ ዋጋ ከካሜራው ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል ጉዳዩን በፊዚክስ ዓይን መመርመር ይገባል።

ሁለት ሌንሶችን እናነጻጽር። ርካሹ የትኩረት ርቀቱ እስከ 300 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ በዚያ ርቀት የብርሃን መግቢያው ቢበዛ ኤፍ 5.6 ነው። ውዱ ደግሞ እስከ 200 ሚሊ ሜትር ብቻ ይደርሳል፤ ነገር ግን መግቢያው ኤፍ 2.8 ነው። የኤፍ ቁጥር የሚባለው የትኩረት ርቀቱ ለመግቢያው ዲያሜትር ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ መግቢያው ይሰፋል።

በስሜን ተራሮች አንድ ሜትር ያህል ቁመት ያለው ዋልያ ከእኛ 100 ሜትር ርቆ ቆሟል እንበል። የምስሉ ቁመት የሚገኘው የእንስሳው ቁመት በትኩረት ርቀቱ ተባዝቶ በመካከላችን ላለው ርቀት ሲካፈል ነው። በርካሹ ሌንስ 3 ሚሊ ሜትር፣ በውዱ 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የአንዱ ፒክስል ጎን 4 ማይክሮ ሜትር ከሆነ ምስሎቹ በቅደም ተከተል የ750 እና የ500 ፒክስል ቁመት ይኖራቸዋል። እስከዚህ ድረስ ርካሹ ይበልጣል።

አሁን ደግሞ ብርሃን በማይበቃበት ማለዳ ዋልያው በሰከንድ 1 ሜትር ወደ ጎን ይራመድ። ውዱ ሌንስ አራት እጥፍ ብርሃን ስለሚያገኝ፣ ርካሹ 1/60 ሰከንድ በሚፈልግበት ቦታ ለእርሱ 1/240 ሰከንድ ይበቃዋል። በእነዚህ ጊዜያት ውስጥ የዋልያው ምስል በርካሹ ወደ 12 ፒክስል፣ በውዱ ግን 2 ፒክስል ያህል ይንሸራተታል። ትልቁ ምስል የደበዘዘው ምስል ሆነ ማለት ነው። አይኤስኦውን ከፍ አድርገን ርካሹንም በ1/240 ሰከንድ ብናነሣበት የሚደርሱት ፎቶኖች ወደ ሩብ ይወርዳሉ። የፎቶን ቆጠራ መዋዠቅ የቁጥሩን ስኩዌር ሩት ስለሚከተል፣ በፎቶው ላይ የሚታየው አንጻራዊ ሻካራነት እጥፍ ይሆናል።

እንግዲህ ውሳኔው የሚወሰደው ቀደም ሲል ያነሣናቸውን ፎቶዎች አስፍተን በመመልከት ነው።

• ሁሉም ነገር ጠርቶ እንስሳው ብቻ ካነሰ የጎደለን የትኩረት ርቀት ነው፤ የኤፍ 2.8 ሌንስ አይረዳንም።
• ድንጋዩ ጠርቶ እንስሳው ብቻ ከደበዘዘ የጎደለን ብርሃን ነው፤ ሰፊ መግቢያ ያለው ሌንስ ዋጋውን ያወጣል።
• ድንጋዩም እንስሳውም ወደ አንድ አቅጣጫ ከተሳቡ የተንቀጠቀጠው እጃችን ነው፤ ባለሦስት እግር ማቆሚያ ይበቃል።
• በማለዳ የጠራው በቀትር ከተንቀለቀለ ምክንያቱ ከጋለው መሬት የሚነሣው አየር ነው፤ ይህን የትኛውም ሌንስ አያድነውም። ቀርቦ ወይም በማለዳ ማንሣት ይሻላል።

ካሜራው ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር የትኩረት ርቀቱንና የሰከንዱን ክፍልፋይ መዝግቦ ስለሚያስቀምጥ ስሌቱን ማንኛውም ተማሪ በራሱ ፎቶዎች ሊሠራው ይችላል። አብዛኞቹ ያልተሳኩት ፎቶዎች በሁለተኛው ክፍል ከወደቁ ግዢው ተገቢ ነው፤ ካልወደቁ ግን ገንዘቡ ወደ ስሜን ለመጓዝ ቢውል ይመረጣል።