ከሃምሳ በመቶ በታች ያሉት

በጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲደረግ አገር ደነገጠ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። በቀጣዩ ፈተና ቁጥሩ 3.2 ሆነ፤ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4። መሻሻል አለ። ያም ሆኖ በየዓመቱ ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ስልካቸውን ከፍተው የሚያዩት ቁጥር ዩኒቨርሲቲ የማያስገባ ነው።

ፈተናው መጥበቁ ጥፋት አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. አስቀድሞ ሾልኮ በመውጣቱ ተሰርዞ እንደገና የተሰጠ ፈተና ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ተፈታኞችን ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብቶ መፈተን የጀመረው ኩረጃውንና ስርቆቱን ለመቁረጥ ነበር፤ ልክም ነበር። ኩረጃው ሲቀር የታየው ግን የልጆች ስንፍና ብቻ አይደለም። በዚያ የመጀመሪያ ዙር 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ባዶ እጁን ሲቀር ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ትምህርት ቤቱ ነው። ቤት ውስጥ አንገቱን የሚደፋው ግን ልጁ ነው። ጎረቤት “ስንት አመጣ?” ብሎ ሲጠይቅ እናት ወሬ የምትለውጠው ስለ እሱ ነው።

በዚህ ላይ ሌላው በር፣ የሙያ ሥልጠናው፣ ከጥንት ጀምሮ ተንቆ የኖረ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቴክኒክና ሙያን ከ10ኛ ክፍል ቀጥሎ አስቀመጠው፤ በተግባር ግን ወደ መሰናዶ የሚያስገባ ነጥብ ያልመጣለት ተማሪ የሚላክበት ሆነ። ንቀቱ ከፖሊሲው በጣም ይቀድማል። ሸማኔውንና ቀጥቃጩን በሙያው መስደብ የተለመደ ስለነበር ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በኋላም “ልጄ ብየዳ ይማራል” የሚል ወላጅ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ወርክሾፕ ውስጥ የሚሆነውን ያየ ሰው ግን ድምፁን ዝቅ ለማድረግ ምክንያት አያገኝም። ብየዳ የጀመረ ሠልጣኝ መጀመሪያ የሚያወጣው መስመር አንድ ቦታ ይቆለላል፣ ሌላ ቦታ ብረቱን ይበሳል። አሠልጣኙ አጠገቡ ቆሞ ኤሌክትሮዱን የሚያዘነብልበትን አቅጣጫና የእጁን ፍጥነት ያርመዋል። ከሳምንታት ልምምድ በኋላ ልጁ ከላይ የጋገረውን ቅርፊት በመዶሻ ሲያራግፍ ከሥሩ ወጥ መስመር ካገኘ፣ ነጥብ የሚሰጠው ሳይኖር ማደጉን በዓይኑ ያያል።

ይህ አሠራር ለአገሩ እንግዳ አይደለም። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ቅኔ ቤት ተማሪው ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማለትም ይደርሳል። የሚጀምረው ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ነው፤ ከዚያ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። የቆጠረውን ለአስነጋሪው ይነግራል፤ የተሰበረው ይቃናለታል፤ ነገ ሌላ አዲስ ይዞ መምጣት አለበት። አንዱ ቶሎ የዘለቀውን ሌላው ዓመታት ቢፈጅበት የክፍሉ መጨረሻ ተብሎ አይለጠፍም። ሲበቃ መምህሩ ይመርቀዋል። የቆሎ ተማሪ ኑሮ በረሃብና በእንግልት የተሞላ ነውና እንዳለ ይቀዳ ማለት አይደለም። ግን አንድ ትልቅ ሰው በየቀኑ የልጁን ሥራ ሰምቶ፣ የጎደለውን ነግሮ፣ ነገን የሚጠብቅበት ቤት ነው። ብሔራዊ ፈተና ይህን ሊሰጥ አይችልም፤ የተሠራውም ለዚያ አይደለም።

እንዲህ ያለ ሰሚ ካገኙት አንዱ ድምፃዊ ጥላሁን ገሠሠ ነው። በወሊሶ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ሲማር አያቱ ልቡን ወደ ቀለሙ እንዲመልስ ይፈልጉ ነበር። ድምፁን የሰሙት የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ግን አዲስ አበባ ሄዶ እንዲሞክር አበረታቱት። ሀገር ፍቅር ቴአትር ገባ፣ ከዚያ ክብር ዘበኛ፤ በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄም ዌልስ የተላከው ምሕንድስና እንዲማር ነበር። ልቡ ወደ ሙዚቃ አዘነበለና ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ፤ ኢትዮ ጃዝም ከዚህ ጉዞ ወጣ። እነዚህ ታሪኮች ብዙ ጊዜ “ትምህርት ምን ያደርጋል?” ለማለት ይጠቀሳሉ፤ ይህ ልጆችን የሚጎዳ ስህተት ነው። ሙላቱ ትምህርት አላቆመም፣ የሚማረውን ቀየረ እንጂ። ጥላሁንን የጠቆመውም መምህር ነው። ስንቱ ድምፅ፣ ስንቱ እጅ የሚሰማውና የሚያየው ሳያገኝ እንደቀረ ግን ማንም አይቆጥርም።

አሁን ባለው ሥርዓት መንገዱ ጨርሶ አልተዘጋም። ለተወሰኑት የሪሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ዕድል አለ። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የገባም ብቃቱን ተመዝኖ ከደረጃ ወደ ደረጃ ይወጣል፤ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት ደግሞ በዲግሪ ያስተምራል። የሚያሳዝነው ቤተሰብ ስለዚህ የሚሰማው ውጤት ከወጣ በኋላ፣ ለቅሶ በተቀመጠበት ሳምንት መሆኑ ነው። ልጁ ገና 9ኛ ክፍል ሳለ፣ በግቢው ሚኒ ሚዲያ ዜና ሲያነብ ወይም የጎረቤት ራዲዮ ፈትቶ ሲገጥም፣ መምህሩ ወላጁን ጠርቶ ሊያወራ ይችላል። ወላጅ በልጁ ጉዳይ ትምህርት ቤት የሚጠራው እስካሁን በአብዛኛው ለጥፋት ነው።