«0 ዓመት» ለተባለው ባልና ለሚስቱ

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት፣ አፍንጮ በር ወዳለው ቤታችን ከጉባኤያችን አንድ ወጣት ባልና ሚስት መጡ። ቡናው ተፈልቶ ቶናው እስኪቀዳ ድረስ ምንም አልተናገሩም። በመጨረሻ ሚስትየዋ አቀርቅራ፣ «እትዬ፣ አንድ ደብዳቤ ፈልገን ነው» አለችኝ።

ባሏ በአካውንቲንግ ከተመረቀ 2 ዓመት ሆኖታል። የሚያየው ማስታወቂያ ሁሉ «2 ዓመትና ከዚያ በላይ» ይላል። ያለ ልምድ ሥራ የለም፤ ያለ ሥራም ልምድ የለም። የቤት ኪራዩን የምትከፍለው እርሷ ናት። ስለዚህ ልጁ በቤተ ክርስቲያናችን 2 ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት እንደ ሠራ ባለቤቴ እንዲጽፍላቸው ፈለጉ። የሠራው ግን በበጎ ፈቃድ 3 ወር ብቻ ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አንጀቴ ተላወሰ። እኔም በወጣትነቴ አራት ኪሎ ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይቼ ክፍት የሥራ ቦታ ስፈልግ ውያለሁ። ዛሬ ፍለጋው በቴሌግራም ሆነ እንጂ ጭንቁ ያው ነው። «ቢጻፍላቸው ማንን ይጎዳል?» የሚል ሐሳብ መጣብኝ።

ባለቤቴ ግን ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «ልጄ፣ ሦስቱን ወር እጽፍልሃለሁ፤ ሃያ አንዱን ወር ግን ከየት አመጣዋለሁ?» አለው። ሚስትየዋ አለቀሰች።

ልምድ የሚቆጠረው ከየት ነው?

ብዙ ቀጣሪዎች የሚቆጥሩት ከምረቃ በኋላ የተሠራውን፣ ከተፈለገው የሥራ መደብ ጋር ቀጥታ ግንኙነት ያለውን ሥራ ነው። በትምህርት ላይ ሳሉ የተደረገ የተግባር ልምምድ ችሎታን ያሳያል እንጂ ብዙ ጊዜ በዓመት አይቆጠርም። ማስረጃው ከግል ድርጅት ከሆነ ደግሞ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚጠይቁ ብዙዎች ናቸው። እንግዲህ የሐሰት ደብዳቤ ኃጢአት ብቻ አይደለም፤ የሚጋለጥም ነው።

ስለዚህ «0 ዓመት» የሚሉትን ማስታወቂያዎች አስቀድሙ። ትንሽ ብትሆንም ግብር የሚከፈልባትን ሥራ አትናቁ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ሠራተኛው ሥራውን ሲለቅ ወይም በጠየቀ ጊዜም አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ ሊሰጠው ይገባል። ይህን ሳትይዙ አትውጡ።

የሳኦል ጥሩር

ዳዊትን አስቡት (1ኛ ሳሙ. 17)። ንጉሡ ልጅነቱን አይቶ አትችልም አለው። ዳዊት ያልሠራውን አልተናገረም፤ በጎች ሲጠብቅ በአንበሳና በድብ ላይ ያደረገውን እንጂ። ያልለመደውንም የንጉሡን ጥሩር አወለቀ። የሐሰት ደብዳቤ እንደዚያ ጥሩር ነው፤ በተሰጣችሁ ወንበር ላይ ስትቀመጡ ይከብዳችኋል።

እህቴ ሆይ፣ ባልሽ ሥራ ሲፈልግ ውሎ ሲገባ በር ላይ «ዛሬስ?» ብለሽ አትጠይቂው። ራቱን ይብላ፤ ራሱ ይነግርሻል። ወንድሜ ሆይ፣ ሚስትህ ደክማ ስትመጣ ወጡ ተሠርቶ ይጠብቃት። ዲግሪ የያዘ እጅ ሽንኩርት ቢከትፍ ክብሩ አይቀንስም።

ያ ወጣት የ3 ወሩን ደብዳቤ ይዞ ሄደ። ከመስቀል በኋላ በአንድ አነስተኛ ድርጅት በገንዘብ ያዥነት ተቀጠረ፤ ደመወዙ ከሚስቱ ያንሳል። በቀደም እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ ጠጋ ብሎ፣ «እትዬ፣ ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ» አለኝ እየሳቀ። ሚስቱም አጠገቡ ቆማ ትስቅ ነበር።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።