እንጅባራ፦ ከዝናብ እስከ ከሰል

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ቡሬንና ጥሊሊን አልፎ እንጅባራ ሲቃረብ ብርዱ መስኮት ያስዘጋዋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,560 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዕድሜ የገፉት ዛሬም ኮሶበር ይሏታል። የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን መቀመጫ ብትሆንም፣ ግንቦት 1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዋ ከ21 ሺህ ብዙም አላለፈም ነበር። አራተኛው አገር አቀፍ ቆጠራ በተደጋጋሚ ስለተራዘመ፣ ያ አሮጌ ቁጥር ዛሬም ይጠቀሳል።

  

በዚያው ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ አንድ ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከተሜው ከስምንት ሰው አንዱ ብቻ ነበር። ራሱን አዊ ብሎ ያስቆጠረው ሕዝብ አውንጊን አፍ መፍቻዬ ካለው ይበልጣል፤ ብዙ ቤተሰብ አማርኛን የቤት ቋንቋው አድርጓልና። አውንጊ ከኽምጣኛ፣ ከቅማንትኛና ከብሌን ጋር የአገው ቋንቋዎች ቤተሰብ ነው፤ ዛሬ በፊደል ተጽፎ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሰጣል።

የአካባቢውን ኑሮ ለመረዳት ግን ከሰማዩ መጀመር ይሻላል። ዝናቡ ብዙ ነው፤ በዓመት እስከ 2,000 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ይጥላል። መሬቱ የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። ከከተማዋ በስተደቡብ፣ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ የሚገኘው ዘንገና ሐይቅ ቅልጥ ዓለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተገናኝቶ ሲፈነዳ የቀረ ጉድጓድ ነው። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን ጥልቀቱ ግን 166 ሜትር ይደርሳል፤ በአገራችን ከሻላ ቀጥሎ ጥልቁ ሐይቅ ነው። መኪና አቁሞ የሚያየው መንገደኛ ማነሱ የሚገርመኝ ነው።

ያ ሁሉ ዝናብ አፈሩን አጥቦ ንጥረ ነገሩን ይወስድበታል፤ የቀረው አፈር አሲዳማ ነው። በባንጃና በፋግታ ለኮማ ወረዳዎች ገብስና ስንዴ ዘርቶ እንደ ድካሙ ያላገኘ ገበሬ ብዙ ነው። ማሳውን በኖራ ማከም ይቻላል፤ ነገር ግን ኖራው በኩንታል የሚቆጠር ነው፣ ማጓጓዣውም ዋጋ አለው። ገበሬው ሌላ መላ አገኘ፤ ዲከረንስ የሚባለውን የአውስትራሊያ ግራር ተከለ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኞቹ መካከል ጤፍ ይዘራል። ቀጥሎ ከሥሩ የሚበቅለውን ሣር አጭዶ ለከብቱ ይሰጣል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ይቆርጥና ከምሮ፣ በሣርና በአፈር ደፍኖ ያከስለዋል። ከሰሉ በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ በአይሱዙ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ይጫናል፤ የአዲስ አበባ ቡናም በዚህ ከሰል ይፈላል። ደን መልሶ ያለበሰ ከሰል አምራች አገር ብርቅ ነው፤ ከሩቅ አረንጓዴ የሚታየው ኮረብታ አብዛኛው ሊከሰል የተተከለ ነው።

እንጅባራ ከዚህ ንግድ በላይ የመንገድ መገናኛ ናት። ወደ ምዕራብ የሚገነጠለው መንገድ በቻግኒና በግልገል በለስ አድርጎ ወደ ጉባ፣ ወደ ሕዳሴው ግድብ ይወርዳል። ዩኒቨርሲቲም አላት። በመንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበር ይሸጣል። ከብርዱ ጋር የሚስማማው ፈረስ ነው፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ፈረሶቹን አስጊጦ ይወጣል።

ሌላዋ የዞኑ ከተማ ዳንግላ ከእንጅባራ በሰሜን፣ ዝቅ ብላ ሞቅ ባለ ሜዳ ላይ ናት። ከዞኑ ከተሞች ቀድማ ስሟ በውጭ የታወቀው እርሷ ነበረች፤ የእንግሊዝ ቆንስል ቺዝማን ጣናንና ዓባይን እየዞረ ያጠናው እዚያ ተቀምጦ ነው።

ወደ ከሰሉ ዛፍ ስንመለስ፣ በቅርብ ዓመታት ዲከረንሱን ዝገት የሚባል የፈንገስ በሽታ ገብቶበታል። ቅጠሉና ቀንበጡ ይቆስላል፣ ችግኙ ይደርቃል። ዛፉን የነቀለ ገበሬ ወደ ድንችና ወደ ገብስ ይመለሳል፤ ገብሱ ደግሞ ያንኑ ኖራ ይጠይቃል።